ምራቂ የለውም?

ሴትዮዋ ማሾውን በጣሳ አሰፍራለች። ገንዘቡን ቆጥራ ሰጥታለች። መልሱንም ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ቋጥራለች። አዲስ አበባ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቢሆን ግብይቱ እዚህ ላይ አልቆ፣ ደረሰኙ ተቆርጦ፣ «ቀጣይ!» ተብሎ ነበር። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። የፌስታሉን አፍ እንደከፈተች የሻጯን እጅ እያየች ቆማለች።

«መርቂልኝ እንጂ እቴ!»

ሻጯ አንድ ጭብጥ አፍሳ ጨመረችላት። ፌስታሉ አልተዘጋም።

«አሁን ይኼ ምራቂ ነው? ለጫጩት ነው የሰጠሽኝ?»

ሻጯ ሳቀች፤ ግማሽ ጭብጥ ደገመች። ፌስታሉ ተቋጠረ። ከኋላ ተራውን የሚጠብቀው ሰውዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሰዓቱን አየ። እሱ ማሾ ሊገዛ አልመጣም። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሊጠይቅ ነው፤ በብብቱ የያዘው የወረቀት ክምር ከላይ በደማቁ «የግል እምነትና የሕይወት ፍልስፍና» ይላል። ሃምሳ ቅጽ በሦስት ቀን ሞልቶ መመለስ አለበት፤ አንዲት ሴት ለአንድ ጭብጥ ማሾ ስትል ሩብ ሰዓት ወሰደችበት።

ይህ የሆነው ጨፋ ሮቢት ነው። በዚህ ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ሮቢት አያልቅበትምና። ሸዋ ሮቢት አለች፤ ጨፋ ሮቢት አለች፤ ወልድያን አልፎ ቆቦ ሳይደረስ ደግሞ ሌላ ሮቢት አለች። ለረዳቱ «ሮቢት» ብሎ ብቻ ከፍሎ እንቅልፍ የወሰደው ሰው የት እንደሚነቃ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ስሙ የረቡዕ ገበያ ማለት ነው። የዚህ አገር ሰው ከተማ ሲቆረቁር ስም በማውጣት ራሱን አያደክምም፤ የገበያውን ቀን ይነግርሃል፣ በቃ። ጨፋ ሮቢት ከካራቆሬ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ናት። እዚያው ዞን ውስጥ ሰንበቴ ስሟ እንደሚናገረው በሰንበት ትገበያያለች፤ የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው። ሳምንቱን በገበያ መቁጠር የፈለገ ሰው ሌላ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም።

«ጨፋ» ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ አለው። በኦሮምኛ ሣሩ የለመለመ ረግረግ መስክ ማለት ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ የሚቸኩልበት ጉዳይ የሌለው ይመስል ይንሰራፋል፤ ከዚያ ነው አዋሽን ፍለጋ የሚሄደው። በበጋ፣ ሌላው አገር ሁሉ ሲገረጣ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም አማራውም ከብቱን ይዞ እዚህ ይወርዳል። ያው «ጨፌ» የሚለው ቃል በገዳ ሥርዓት የሸንጎ ስም ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤትም ዛሬ ጨፌ ይባላል። ሰው የተሰበሰበው ሣሩ ላይ ነውና ሣሩና ስብሰባው በአንድ ስም ቀሩ። ከብትም ሰውም የሚግጠው አያጣም።

ወደ ሰውዬው ቅጽ እንመለስ።

ዓለም የሰውን እምነት በቁጥር መለካት ከጀመረች ቆየች። «የዓለም የእሴቶች ጥናት» የሚባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ አገር ለአገር ሲዞር፣ በ2007 እና በ2020 ኢትዮጵያም ደርሷል። ከታወቁት ጥያቄዎቹ አንዱ «ፈጣሪ በሕይወትዎ ውስጥ ምን ያህል ቦታ አለው?» የሚል ነው፤ መልሱ ከ1 እስከ 10 ነው። የሰውዬው ቅጽም ይህንን ጥያቄ ተበድሯል። መበደሩ አይደንቅም። የሚደንቀው ጥያቄው ዋርካ ሥር ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ሲገናኝ የገጠመው ነው።

«አባባ፣ አንድ ማለት ምንም ቦታ የለውም ማለት ነው። አስር ማለት ትልቅ ቦታ አለው ማለት ነው።»

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ያስደገሙት ቁጥሩን ነው።

«ትልቁ አስር ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ከአስር በላይ የለም?»

«የለም።»

«ምራቂስ የለውም?»

ሰውዬው አስር ላይ አከበበ። ቅጹ ለምራቂ የተተወ ቦታ አልነበረውም።

ቀጣዩ ጥያቄም የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። «ባለፈው አንድ ዓመት በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሽማግሌው ጎን የተቀመጠው ጎልማሳ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሰውዬው ጠበቀ፤ የሚከተል ነገር የለም። ቆይቶ ሲጣራ ጎልማሳው በዚያው ዓመት አንድ በሬ ሞቶበታል፣ ማሽላውን ወፍ ጨርሶበታል። «ታዲያ አልረኩም ማለት ነው?» ሲለው፣ «ኧረ አልሐምዱሊላህ አልኩህ እኮ!» ብሎ ሊቆጣ ምንም አልቀረው። ይህ «ረክቻለሁ» ነው «አልረካሁም»? ሁለቱም አይደለም። ሒሳቡ ጎድሎም ቢሆን ፊርማው መጀመሪያ ይቀመጣል። ጠያቂው ግራ ሲገባው ጊዜ ጎልማሳው ትከሻውን መታ አደረገና «አብሽር!» አለው። በሬ የሞተበት ሰው ወረቀት ያልሞላለትን አጽናና።

«አብሽር» የወሎ ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞረው ቃል ነው። ምንጩ ዐረብኛ ነው፣ ደስ ይበልህ፣ መልካም ወሬ ይጠብቅህ እንደማለት። መኪና ሲበላሽ አብሽር፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅ አብሽር፣ ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ አብሽር። ነገሩ ይስተካከላል የሚል ዋስትና ማንም አልሰጠህም። እኔ አለሁ ነው ነገሩ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የማደርገው ጠፍቶኛል ማለት ነው።

ሰውዬውን ግን ማታ አልጋው ላይ ሆኖ አንድ ነገር ገረመው። ሴትዮዋ ለሻጯ «መርቂልኝ» አለች። «መርቂኝ» ብትል ኖሮ ምርቃት በሆነ ነበር። በመሐል የገባችው አንዲት «ል» ናት።

አማርኛ በዚህ ግንድ ላይ ያላንጠለጠለው ነገር የለም። ሽማግሌ ይመርቃል። ሻጭ ይመርቃል። ተማሪ ይመረቃል፤ አራት ዓመት ተምሮ ጥቁር ካባ ሲለብስ «ተመራቂ» ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሳያውቀው የሽማግሌን ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ድልድይም ይመረቃል፤ አንዳንዱ መሠረቱ ሲጣል አንድ ጊዜ ተመርቆ ሳያልቅ ይቀራል፣ ምርቃቱ ግን ደርሶታል። ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ እንትፍ» ስለሚል ምራቅም ከዚሁ ቤት ነው የሚሉ አሉ፤ የቋንቋ ሊቃውንት ይስማሙ አይስማሙ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ሥጋው ተቀቅሎ የሚቀረው መረቅም ከዚህ ቤተሰብ ባይወለድም በመልክ ይመስለዋል፤ ከሥጋው በላይ የተገኘ ትርፍ ነውና።

ምርቃናም አለ። ይህን ለመዝለል ሞክሮ የተሳካለት የወሎ ወግ የለም።

ጫት ከዓርብ ጸሎትና ከዱዓ ጋር ተያይዞ እዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1975 ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለይተው አወጡ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ይደክማል። ጫት የጫነ አይሱዙ በዚህ መንገድ ላይ ሞት የሚያሳድደው ይመስል የሚበረው ለዚህ ነው፤ በስተኋላው ላይ ደግሞ «ትዕግስት» ብሎ ጽፏል። የቃመ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ፈላስፋ ነው። የአገር ችግር ይፈታል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ይሠራል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ያላገባውን ይድራል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዝም ይላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ፎቁ ፈርሷል፣ የተዳረውም ፈት ሆኗል። የሰውዬው ቅጽ በዘጠኝ ሰዓት ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ የጨፋ ሮቢት ሕዝብ በዓለም ላይ ተስፋው የበዛ ሕዝብ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ጥናት የሚያነብ ሁሉ ቅጹ በስንት ሰዓት እንደተሞላ መጠየቅ አለበት።

በነጋታው ያረፈበት አልቤርጎ ባለቤት ሰውዬውን ቡና ጠራችው። ሁለተኛው ብስጭት የመጣው እዚህ ነው።

ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ ተቀዳ። ሲኒው ፊቱ ቀረበ፤ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። እጁን ሲዘረጋ የሁሉም እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል። አንድ አዛውንት ዱዓ ጀምረዋል። አገር ሰላም ይሁን። አሚን። ዝናቡን የራህመት ያድርገው። አሚን። የወጣው በሰላም ይግባ። አሚን። ያጣ ያግኝ፣ ያገኘ ይባረክለት። አሚን። የታመመ ይማር፣ የታሰረ ይፈታ። አሚን። የተጠራችው ጎረቤት በአንገቷ ማተብ ያሰረች ክርስቲያን ናት፤ የእሷ አሚን ከሁሉም ይጮኻል። ከብቱን፣ ሣሩን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ የአረብ አገር ልጆችን፣ ሾፌሮችን ሁሉ ዳሰሱ። በመጨረሻም «ይህ እንግዳ የመጣበት ጉዳይ ይቅናው» አሉ። ሁሉም አሚን አለ፤ እንግዳውም ቢያፍርም አለ። ሲኒውን ሲያነሳው ቀዝቅዟል።

ቡናው ሦስት ጊዜ ነው። አቦል ከዐረብኛው «አንደኛ»፣ ቶና ከ«ሁለተኛ» የመጡ ናቸው ይባላል። ሦስተኛው በረካ ነው፤ በረከት። አስተውሉ፣ ወፍራሙ ቡና አንደኛ ብቻ ተብሎ ቀርቷል። ከዚያው አተላ ላይ ሁለት ጊዜ ውሃ ተጨምሮበት፣ ቀለሙ ሻይ መስሎ፣ ጣዕሙ ትዝታ ብቻ ሆኖ የቀረው ነው በረከት የተባለው። አቦሉን ጠጥቶ የሚሮጥ ሰው ዋናውን አግኝቷል፤ ምራቂውን ግን ጥሎ ሄዷል። የቤት እመቤቶች እንዲህ ያለውን ሰው አይወዱትም።

ሰውዬው ይህን ዱዓ አልመዘገበውም። ሃምሳ ቅጽ ይዞ «የሚያምኑበትን ንገሩኝ» እያለ ሲለምን የከረመ ሰው፣ ሙሉው መልስ በአንድ ትንፋሽ ሲነገረው ቡናዬ ቀዘቀዘ ብሎ ሲቆዝም አመለጠው። የጨፋ ሰው የሕይወት ፍልስፍናህ ምንድን ነው ሲባል ይስቃል። ዱዓ ሲደረግ ግን የሚፈልገውን፣ የሚፈራውን፣ ለማን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደማይረሳ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ አገር ነው። ይህ ደግሞ ለወጉ ማሳመሪያ የተባለ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል ጭሱ ሩቅ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ አስፋልት ወርዶ ከሚሴ ገብቷል። ከዚያ በኋላ «አገር ሰላም ይሁን» ሲባል አሚን የሚለው ሰው ድምፅ የተለየ ነው፤ ሲኒው ቢቀዘቅዝ ማንም ግድ የለውም።

ማተብ ያሰረችው ሴት አሚን ማለቷ ለእንግዳ ይገርም ይሆናል፤ ለወሎ አይገርምም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ ሲሉ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ የልጅ ኢያሱ አባት። እምቢ ብሎ የሸፈተም ብዙ ነው። ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ የከረመም እንደነበር ይነገራል። እንዲህ ባለ አገር «ሃይማኖት ______» ብሎ አንዲት ባዶ መስመር መስጠት ንፉግነት ነው። አያት፣ አማት፣ አበልጅ፣ ጎረቤት አንድ መስመር ላይ አይጻፉም።

ፍልስፍና ሲባል የተማረው ሰው አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ስደት ሲነሳ ከአክሱም ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻውን ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ «የኔ ሃይማኖት ልክ ነው» ሲል ዳኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ኋላ በእንፍራዝ፣ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1667 ሐተታውን ጻፈ። ጥያቄው ደፋር ነው። ጸሐፊው ግን በጨፋ በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር ማለት አይቀርም። ዋሻ ውስጥ ቡና የለም። ቡና ቢኖርም አሚን የሚል የለም። እዚህ ሁለት ዓመት ብቻውን የተቀመጠ ሰው ፈላስፋ አይባልም፤ «ምን ነካው?» ተብሎ ሽማግሌ ይላክበታል።

በዚያ ላይ ሐተታው የማን እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ሚሲዮናዊ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አገኘሁ ብሎ ለተመራማሪው ለአንቷን ዳባዲ ላከው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ «ራሱ ሚሲዮናዊው ነው የጻፈው» አለ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ በጥራዝ ላይ ጥራዝ እየጨመረ ተሟገተ። ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን ሙሉ ፍልስፍና ያስተማረ ሰው ነው። የሚወደደው ግን አንድ ሌላ ነገሩ ነው፦ ፍልስፍና ብራና ላይ ብቻ የለም፣ ተረትና ምሳሌም ውስጥ አለ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የኦሮሞ ምሳሌያዊ ንግግሮችን ወፍራም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። የምሳሌያዊ ንግግር ጥሩ ነገሩ ደግሞ ማን ጻፈው ብሎ የሚጣላ አለመኖሩ ነው። «አበው» ይባላል፤ አበው ፍርድ ቤት አይቀርቡም።

ምሳሌያችን ግን ሁሉ በአንድ አፍ አይናገርም። «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» ያለችው ድመት የዚህ ሰፈር ብትሆን አይገርምም። በበጋ ጨፋ ላይ ያለውን ከብት ያየ የሚታለበውን ያስበዋል። ድመቷ ከዚያ ሁሉ ወተት የሚደርሳት በገል ተቀድቶ የሚሰጣት ብቻ መሆኑን አውቃ ተቀምጣለች። ተስፋ መቁረጥ ነው የሚሉ አሉ፣ መብቃቃት ነው የሚሉም አሉ። ሮቢት ገበያ ላይ የቆመችው ሴትዮ ግን ከድመቷ ጋር ፈጽሞ አትስማማም። በገሏ የሚደርሳትን ታውቃለች፤ አውቃም «መርቂልኝ» ትላለች።

መሬቱም ይህን ሳይለምድ አልቀረም። አዝመራ ሲነሳ ገበሬው ያልሰበሰበው ቃርሚያ ነው፤ ለቃሚ አለው። አገዳውንና ገለባውን ደግሞ የአርብቶ አደሩ ከብት ይግጠዋል፤ ከብቱ በምላሹ ማሳውን ፋንድያ አልብሶት ይሄዳል። የማን ምራቂ ለማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል ማለት ግን ውሸት ነው። ረግረጉ እየታረሰ ሣሩ ሲያንስ፣ ዝናብም ሲዘገይ፣ ዱላ ይነሳል፤ ከዱላም የባሰ ይነሳል። የሸንጎው ስምና የሣሩ ስም አንድ የሆነው ለሣር ሲባል ብዙ ሸንጎ ስለሚያስፈልግም ይሆናል።

ማሾው ራሱ ሁለት ሕይወት አለው። እዚህ በጣሳ ይሰፈራል። በነጋዴ እጅ ተሰብስቦ ወደ ምርት ገበያ የሄደ እንደሆነ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፦ ናሙና ይወሰድለታል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ በኩንታል ይመዘናል፣ መጋዘን ይገባል፤ ገዢና ሻጭ ማሾውን ሳያዩት በወረቀት ይሸጣል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተሠራው ገዢ የማያውቀውን ሻጭ ሳይፈራ እንዲገዛ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው። እዚያ «መርቂልኝ» የሚል የለም። ለማን ይባላል? ኮምፒውተር ጭብጥ የለውም።

ሰውዬው በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ደረሰበት፤ ደርሶበትም በጣም ደስ አለው።

ጣሳውን አየ። ከሥር በኩል ወደ ውስጥ ተደቁሷል። ሆን ተብሎ። አንድ ጣሳ ተብሎ የሚሰፈረው ጣሳ አይሞላም፤ የጎደለው ደግሞ ሻጯ በሳቅ የምትጨምረውን ያህላል። ምራቂው ከገዢዋ የተወሰደው ነው ማለት ነው! የገዛ ማሾዋ እየተመለሰላት ስትደሰት ኖራለች። ይህን ምስጢር ይዞ ማሾ ገዢዋን ፈለገ፤ ጉሊት ተቀምጣ ሎሚ ስትመርጥ አገኛት።

«እማማ፣ ጣሳው እኮ የተደቆሰ ነው። ምራቂ የሚሰጡሽ ከራስሽ ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፤ ልጅ «ማታ ጨለማ ነው» ብሎ ሲነግራት የምታየውን አስተያየት።

«አውቃለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂያለሽ?»

«እሷም ማወቄን ታውቃለች እኮ» አለችና ወደ ሎሚዋ ዞረች። ከዚያ ለሎሚ ሻጩ ልጅ፦ «መርቅልኝ እንጂ አንተ!»

ሰውዬው ይህን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚያስገባው ሲያስብ ቆመ። «በጣም እስማማለሁ» አይደለም። «አልስማማም» አይደለም። የተታለለ ሰው አይደለችም። ያልተታለለችም አይደለችም። ሁለቱም ሒሳቡን ያውቁታል፤ አውቀውም በሒሳብ ብቻ ተለያይቶ መሄድ ነውር ሆኖባቸዋል። ቅጹ ላይ «ሌላ (ይግለጹ)» የሚል አንድ መስመር ነበረች፤ አጭር ናት።

ማምሻውን ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘ። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» ብሎ ረዳቱ ካስገባው በኋላ ስድስት ሰው ገባ። ቦታው ሞላ። ደግሞ ዱካ ወጣ፤ በዱካዋ ላይ ትርፍ ተጫነ። «ይኼ እኮ ትርፍ ነው!» ብሎ ሰውዬው ሲያጉረመርም ረዳቱ «አብሽር ወንድሜ፣ ቅርብ ነው» አለው። ዱካዋ ላይ የተቀመጠችው ያቺው ማሾ ገዢ ናት። ፌስታሏን ጉልበቱ ላይ አስደግፋዋለች፤ ሎሚው ጎኑን ይወጋዋል።

ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት «መንገዱን ቀና ያድርግልን» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ አሚን አለ። ሰውዬው የራሱን ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ሰማው፤ ከሁሉም ቀድሞ ነበር።

ትንሽ እንደሄዱ ሴትዮዋ ከመቀነቷ ሥር የቋጠረችውን ፈታች። የገብስ ቆሎ ነው። «እንካ ልጄ፣ መንገድ ያደክማል» ብላ መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ሞላ። አመስግኖ እጁን ሊጨብጥ ሲል «ቆይ እስኪ» አለችና ከላይ ጨመረችበት። መዳፉ አልያዘውም። ጥቂት ፍሬ ተንከባሎ ጉልበቱ ላይ ባለው ቅጽ ላይ ወደቀ፤ አንዷ ገብስ ከ1 እስከ 10 በሚለው መስመር ላይ ሄዳ ሄዳ፣ ከአስሩ ወዲያ ባዶው ላይ ቆመች።

አነሳና በላት።